ማመልከቻ ለደመና አከራዮች

ነሐሴ 18 ቀን፣ ሞጣ
ደመና ላይ ጎጆ ለምታከራዩ፣ ባላችሁበት
ጉዳዩ፦ ጎጆዬ እንዳይፈርስ ስለ መለመን

እኔ ባንቺጊዜ የአንማው ልጅ ነኝ፣
ኮድ ጸሐፊ ብሎ ትምህርቴ የሾመኝ።
ላፕቶፔ ያረጀ፣ ሲነሣ የሚያቃስት፣
“ኤል” ቁልፉ ወልቆ በእርሳስ የምወጋበት፤
ከባዱን ሥራዬን እሱ ስለማይችለው
ጎጆ የተከራየሁት ደመና ላይ ነው።
በወር ስድሳ ሰዓት ያለ ዋጋ ብላችሁ፣
ብዙ ድሃ አስጠግቷል ያ ሰማይ ጣራችሁ።

አጎቴ የኔታ ልየው ይህን ሰምተው ሳቁ፦
“ደመና ላይ ቤት? እነዚህስ ረቀቁ!
እኛም ዋሸራ ሳለን ባለጎጆው ሲሄድ
ሌላው ይገባል እንጂ ጎጆው አይናድ፤
ሣሩ የማን እንደሆን ማን ጠይቆ ያውቃል?
ቅኔው ግን ከልጁ ጋር አብሮ ይሄዳል።”

እዚያ የሠራሁት የእድር መዝገብ ነው፣
የታች ገበያ እድር፣ ሦስት መቶ ስምንት ሰው፤
መዋጮ ያልከፈለ፣ ድንኳን የወሰደ፣
ብረት ድስት ሰብሮ “እኔ አይደለሁም” ብሎ የካደ፣
ወንበር ቆጥሮ ወስዶ አጉድሎ የመለሰ፣
በሐምሌ ዝናብ ከቀብር የቀረ፣ የደረሰ።
አቶ ደምስ ጸሐፊው
አርባ ዓመት በእጁ ይህን ሁሉ የጻፈው
ጣቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ዐይኑ ሲደክምበት
ሰባት ደብተር ይዞ መጣ በከረጢት።
አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ፦
“የሞተን ሰው ስም ሰርዘሽ እንዳላገኝ።
መስመር አታስምሪ፣ በቀይም አትንኪው፣
ወደ ኋላ ገጽ ነው አክብረሽ የምትልኪው።”
እኔም እንዲያ አዘዝኩት። “አጥፋ” የሚል የለም፣
ሙት ገጽ ይቀይራል እንጂ ስሙ አይፋቅም።

ታዲያ ሐምሌ ሃያ ቀን ኔትወርኩ ሄደ።
ለምን አይባልም። ሄደ ነው፤ ሄደ።
መብራቱም እንደ ሚዜ ተከትሎት ነጐደ።
የናንተ ደብዳቤ ቀደም ብሎ መጥቶ
ስልኬ ላይ ተቀምጧል ቀኑን አስልቶ፦
“ሰላሳ ቀን ሙሉ ጎጆሽን ካልከፈትሽ
ከነንብረቱ ይፈርሳል፤ ቀድመን ነገርንሽ።”
ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ነው።

በእድራችን ደንብ በአንቀጽ አሥራ ሦስት
አባል ዝም ቢል ሦስት ወር፣ አራት፣
አይሰርዙትም፤ ሁለት ሽማግሌ ይልካሉ፣
በር ያንኳኩና “ደኅና ናችሁ ወይ?” ይላሉ።
ታሞ ይሆናል፣ መንገድ ሄዶ ይሆናል፣
ከልጁ ተጣልቶ ተደብቆ ይሆናል፤
ዝምታን ሞት ነው ብሎ ማን ይመዘግባል?
እናንተም አንኳኩ። በደጀን ብትመጡ
ጭቃ ነው ሰሞኑን፤ ቦት ሳታደርጉ አትውጡ።

ዛሬ ከደጃፌ ቀና ብዬ ሳይ
ደመና ሞልቶታል የሞጣን ሰማይ፤
ከጮቄ ተነሥቶ ጣራ እየነካ፣
ጠቁሮ፣ ዝቅ ብሎ። የትኛው ነው ለካ
የኔ ጎጆ ያለበት?
ዘነበ። ባልዲ ደቀንኩ ከክፈፉ ሥር፤
ሦስት መቶ ስምንት ስም ቢወርድ ምን ነበር።

አውቃለሁ፣ ይህ ወረቀት ነገ አይደርሳችሁም።
ኔትወርክ ሲመለስ ጎጆው ላይኖር ይችላል፤ አልቆጣም።
ደብተሮቹ እኔ ጋ ናቸው፣ ስሞቹ አልጠፉም፤
የጠፋው ያሰርኩበት ነው፣ ልጥ እና ማገሩ፣
ሌሊት ሌሊት የፈተልኩት የትእዛዝ ክሩ።
ሰባተኛው ደብተር፣ ከሙታኑ ገጽ በኋላ
ሃያ ቅጠል ባዶ አለው፤ አቶ ደምስን ሳላማክር፣
በሻማ ብርሃን ጀመርኩ ኮዱን ከራሴ ማስፈር።
በብዕር ሲጻፍ “ኤል” ወልቃ አትቀርም።
ግን አንድ ቅንፍ ከፍቼ ነበር፣ በሦስተኛው ገጽ፣
የት ላይ እንደ ዘጋሁት እስካሁን አላገኘሁም።

ከሰላምታ ጋር፣
ባንቺጊዜ አንማው

ግልባጭ፦
ለአቶ ደምስ (ስለ ሃያው ቅጠል ይቅርታ)
ለመብራት ኃይል፣ ሞጣ
ለደመናው፣ በላያችን ላለው